የ11 ቀናት ልዩነት፦ በባሕረ ሐሳብና በሂጅራ አቆጣጠር

በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዲቱን ጨረቃ ይመለከታሉ። ሙስሊሙ በሂላል የረመዳንን መግቢያ ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በጨረቃ ስሌት የፋሲካን ዕለት ይወስናሉ። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አቆጣጠሮች የሚያገናኘውን አንድ ቁጥር እንመረምራለን።

የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ 12 የጨረቃ ወራት ደግሞ 354 ቀን ያህል ናቸው፤ ልዩነቱ 11 ነው። ባሕረ ሐሳብ 11ን ጥንተ አበቅቴ፣ 19ን ጥንተ መጥቅዕ ይላቸዋል። 2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ከትርፉ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። 10 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይሆናል። ድምራቸው 30 ነው፤ በየዓመቱም እንዲሁ ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። የሒሳብን ውበት እዚህ ላይ እናያለን።

ይህ ዕውቀት በዐረብኛም በኩል ወደ ሀገራችን ደርሷል። ግብጻዊው የቅብጥ ሊቅ አቡ ሻኪር ኢብኑ ራሂብ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛ የጻፈው የዘመን አቆጣጠርና የታሪክ መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ግእዝ ተተርጉሞ «አቡሻኽር» ተባለ።

ልዩነቱን ግን ሁለቱ አቆጣጠሮች በየራሳቸው መንገድ ይይዙታል። ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት 7 የጨረቃ ወራት በመጨመር ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ያስማማል። ቁርኣን ግን በሱረቱ ተውባ 37ኛ አንቀጽ ነሲእን አውግዟል፤ ስለዚህ የሂጅራ ዓመት ምንም ሳይጨመርበት በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በእስቴ ረመዳንን በክረምት ዝናብ የጾመ ልጅ ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ በበጋ ይጾመዋል።

ሱረቱል ከህፍ በ25ኛ አንቀጹ ስለ ዋሻው ሰዎች 300 ዓመትንና የ9 ጭማሪን ያወሳል። አንዳንድ ሙፈሲሮች ይህን 300 የፀሐይ ዓመት 309 የጨረቃ ዓመት ነው በማለት ተርጉመውታል። ደረሳው ራሱ ያስላው፤ 300 በ11 ሲባዛ 3300 ነው፤ ለ354 ሲካፈል ከ9 ጥቂት ይበልጣል።

ወሩ በምን ይረጋገጣል የሚለው የፊቅህ ጉዳይ ነው፤ ለዑለማእ እንተወዋለን። ሆኖም ረመዳን በየዓመቱ ለምን እንደሚቀድም የሚጠይቅ ልጅ «እንዲሁ ነው» ተብሎ ሊመለስ አይገባውም። ጎረቤቱ የአብነት ተማሪ የሚያሰላበት ቁጥር የእርሱም መልስ መሆኑን ቢያውቅ፣ ሒሳብንም ጎረቤቱንም ያከብራል። መምህራንና ኢማሞች ይህን ስሌት በመድረሳ እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን። ወላሁ አዕለም።