ጥቅል፣ ፓኮ፣ ፓኬጅ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ የደራ ወረዳ ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን ያገኛል። ከሱቆቿ በአንዱ ደጃፍ ጥቂት ለቆመ ጆሮ ያለው ሰው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈ የቋንቋ ታሪክ በነጻ ይነገረዋል። አንዷ እናት «አንድ ፓኮ ሻማ» ይላሉ። ተማሪው «ለስልኬ ፓኬጅ ግዛልኝ» ይላል። ባለሱቁ ደግሞ ስኳሩን ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ይጠቀልላል። ሦስቱም የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ ግን ሦስት ነው።

የቤታችን ቃል ጥቅል ነው። «ጠቀለለ» ከሚለው ግስ የተወለዱትን ብንቆጥር መሽቶ ይነጋል። ጥቅል ጎመን አለ፤ ጥቅልል ብራና አለ፤ ጠቅላላ ዕውቀት አለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ከዚሁ ቤት ናቸው። አንበሳሜ ራሷ በንጉሡ ዘመን የምትተዳደረው በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። አማርኛ ሥልጣንን ያየው ብዙውን ባንድ ጠቅልሎ እንደ መያዝ ነው ማለት ነው። በጣና ዳር ደብተራ የሚጽፈው ክታብም ጥቅል ነው፤ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ባለቤቱ ፈትቶ አያነበውም። እኔ ከጥቅሎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ፓኮ የጣሊያን ትሩፋት ነው፤ ከሲጋራና ከሻማ ጋር ገብቶ ከሱቅ ሳይወጣ ቀረ።

ፓኬጅ ግን በሱቅ በር አልገባም። የገባው በእርሻ ማሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አርሲ ውስጥ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ሐሳቡ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር ባንድ ታስረው ለገበሬው ይድረሱ የሚል ነበር፤ ዘሩ ያለ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያውም ያለ ብድር አይሆንምና። ምርቱ ጨመረ። ይሁን እንጂ መሬቱ ሲያተርፍ ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። ጥቅሉ ውስጥ ዘር ነበረ፣ ብድር ነበረ፤ የመሬት ዋስትና ግን አልነበረበትም። እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1975 በአዋጅ ነው።

የጭላሎው አሠራር ለአገር ሙሉ ሲበዛ ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የእርሻ ሚኒስቴር «አነስተኛ ፓኬጅ» የተባለውን ቀለል ያለ መርሐ ግብር ጀመረ። እንግዲህ ቃሉ ከመነሻው ሲቀነስ እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በግማሽ ሄክታር የሠርቶ ማሳያ ማሳዎች አድሶ አመጣው፤ በ1995ም መንግሥት የአገሪቱ የግብርና ኤክስቴንሽን መንገድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ «ፓኬጅ ገባህ?» የገበሬ ጥያቄ ሆነ። «ገባህ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ፓኬጅ የሚቀበሉት ሳይሆን የሚገቡበት ነገር ሆኗል። በእርግጥም የታሰረ ነገር ነበር፤ ማዳበሪያውን የወሰደ ዕዳውንም ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ በወደቀ ጊዜ፣ ጥሩ ያመረተው ገበሬ ራሱ እህሉን ሸጦ ዕዳውን መሸፈን ተሳነው። ዝናቡም ሰምሮ፣ ዘሩም በቅሎ፣ ባለ ዕዳ መሆን! በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመርም ቃሉ አልተለወጠም፤ ዐሥራ ስድስት የጤና ፓኬጆች በሴት ሠራተኞች ትከሻ ወደየቀበሌው ወረዱ፤ መጸዳጃ ቤት መቆፈርም አንዱ ፓኬጅ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ያስገርመኛል። ከጥቅሉ ውስጥ ማዳበሪያው መሬት ገባ፤ ዘሩ ተበላ፤ ብድሩ ተከፈለ ወይም ተራዘመ። የቀረው ዳፕና ዩሪያ የመጣበት የላስቲክ ጆንያ ነው። ሕዝቡም ስሙን ለጆንያው ሰጠው። ዛሬ በአንበሳሜ ገበያ «ማዳበሪያ አቀብለኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው አፈር የሚያለማውን ፍሬ ላይሆን ይችላል፤ ጤፉን ሊሞላበት፣ ሽንኩርቱን ሊቋጥርበት፣ ዝናብ ሲመጣም ራሱ ላይ ሊደፋው ነው።