ቅቤ፣ ሞራና የቀረጥ ቴምብር

በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ቅቤን ከአስመሳዩ የመለየት ሥራ በመጀመሪያ የሰጠው ለቀረጥ ሰብሳቢዎች ነበር። መነሻው ኢፖሊት ሜዥ ሙሪየስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1869 ከከብት ሞራ የሠራው ማርጋሪን ነው። ምርቱ ብዙ ሳይቆይ አትላንቲክን ተሻገረ። ቢጫ ቀለም ከገባበት በዓይን ከላም ቅቤ መለየት ስለሚያዳግት፣ ቅቤ ነው ብሎ የሚሸጠው ነጋዴ አልጠፋም። የወተት ገበሬዎች አቤቱታም ኮንግረስ ደረሰ።

ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በ1886 የፈረሙት ሕግ ማርጋሪንን አልከለከለም፤ አስወደደው እንጂ። በየፓውንዱ 2 ሳንቲም ቀረጥ ተጣለ። አምራቹ በዓመት 600፣ ጅምላ ሻጩ 480፣ ቸርቻሪው 48 ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ። ምርቱ ቴምብር በተለጠፈበት አዲስ የእንጨት ዕቃ እንዲወጣ፣ የገቢ መሥሪያ ቤቱም አንድ ኬሚስትና አንድ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ እንዲኖሩት ታዘዘ። ሕጉ ቅቤን ከወተት ወይም ከክሬም ብቻ የሚሠራ፣ ጨውም ሆነ ቀለም ሊጨመርበት የሚችል ምግብ ሲል ተረጎመው። ስለዚህ ላሞች ድርቆሽ በሚበሉበት በበረዶው ወራት የሚነጣውን ቅቤ ቢጫ ማድረግ የተፈቀደ ነበር። ያንኑ ቀለም ማርጋሪን ውስጥ መጨመር ግን እንደ ማታለል ተቆጠረ፤ የሕጉ አድልዎ እዚህ ላይ ይታያል።

ክፍለ ግዛቶች ከዚያም አልፈው ሄዱ። ኒው ሃምፕሻየር ሮዝ ቀለም ያልገባበት ማርጋሪን እንዳይሸጥ ደነገገች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 ሻረው። ኮንግረስ በ1902 ቀለም የገባበትን ማርጋሪን ቀረጥ ወደ 10 ሳንቲም አሳደገ፣ ያልገባበትን ወደ ሩብ ሳንቲም አወረደ።

በዚሁ ዓመት ቁጥጥሩ ወደ ቅቤው ራሱ ዞረ። የሻገተና የከረመ ቅቤ አቅልጠው፣ ሽታውን አስወግደው፣ ከወተት ጋር እንደገና የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች «የታደሰ ቅቤ» የሚል ምልክት እንዲያደርጉበትና ሩብ ሳንቲም እንዲከፍሉ ተገደዱ። ባዕድ ነገር ወይም ከልክ ያለፈ ውሃ የገባበት ቅቤ ደግሞ 10 ሳንቲም ይቀረጥ ነበር። ልኩ የቱ ጋ ነው? ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ 16 በመቶና ከዚያ በላይ ውሃ ያለው ሁሉ የተበረዘ ነው አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን የውሃው መጠን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሕጉ የአሠራሩንም ሁኔታ እንደሚጠይቅ በመግለጽ ደንቡን በ1924 ውድቅ አደረገው።

ያኔ ሌላ መለኪያ ተገኝቶ ነበር። የዊስኮንሲኑ ስቲቨን ባብኮክ በ1890 ወተትን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ቀላቅሎ በማሽከርከር፣ የስቡን መጠን ከጠርሙሱ አንገት ላይ የሚያነብበትን ዘዴ አስተዋውቆ ስለ ነበር የወተት ነጋዴዎች በስብ መነጋገር ለምደዋል። ኮንግረስም በ1923 ቅቤ በክብደት ቢያንስ 80 በመቶ የወተት ስብ እንዲኖረው ደነገገ። ቁጥሩ እስካሁን አልተለወጠም።

የማርጋሪን ቀረጥ እስከ 1950 ቆየ። እስከዚያው የቤት እመቤቶች ነጩን ማርጋሪን ገዝተው፣ አብሮ የሚሰጠውን ቀለም እቤታቸው ያሹት ነበር። ቀረጡን ያነሣው ሕግ ምግብ ቤቶችን ሳይነካ አላለፈም፤ ቀለም የገባበት ማርጋሪን ሲቀርብ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ስሙ እንዲጻፍበት ወይም በሦስት ማዕዘን እንዲቆረጥ አዘዘ። ቢጫ ማርጋሪን እንዳይሸጥ ከልክለው ከነበሩት ክፍለ ግዛቶች የመጨረሻዋ ዊስኮንሲን ስትሆን፣ ክልከላዋን ያነሣችው በ1967 ነው።