የዶሮ ሥጋና ስብ መጠን በዝርያ፣ በፆታና በመኖ ይወሰናል

በአቃቂ በሰቃና በአካባቢው ለሥጋ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ትርፍ የሚለካው በዶሮው ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ በክብደቱ ውስጥ ባለው የሥጋና የስብ ድርሻም ነው። ይህንን ድርሻ በዋናነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ዝርያ ነው። ለሥጋ የተዳቀሉ ዶሮዎች በሰባት ሳምንት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ ሆኖም በሆዳቸው ብዙ ስብ ያጠራቅማሉ። የሀገር ውስጥ ዶሮዎች በዝግታ ያድጋሉ፤ ሥጋቸው ጠንካራ፣ ስባቸውም አነስተኛ ነው። ከአቃቂ በስተደቡብ ምሥራቅ በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮ ዶሮን በእንቁላል ምርትና በክብደት ለማሻሻል በ2008 እ.ኤ.አ. የመረጣ ሥራ ጀምሯል።

ሁለተኛው ፆታ ነው። በእኩል ዕድሜ አውራው ከቄቧ ይከብዳል፤ ቄቧ ግን ከክብደቷ አንፃር የበለጠ ስብ ትይዛለች። በመሆኑም ቄቦችን ከሚገባው በላይ ማቆየት መኖን ለስብ ማዋል ይሆናል።

ሦስተኛው መኖ ነው። በቆሎ በዝቶበት ፕሮቲን ያነሰው መኖ ትርፉ ኃይል ወደ ስብ ይለወጣል። የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር ጉድለቱን ያሟላሉ።

መኖ ከእርባታው ወጪ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝ፣ በዕርድ ጊዜ ተቆርጦ የሚጣለው የሆድ ስብ ለአርቢው የባከነ ገንዘብ ነው።