ሳሊኒ (ዊቢልድ)

ሳሊኒ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በያዘው መጠሪያ ዊቢልድ፣ በግድብ፣ በዋሻ፣ በሜትሮና በድልድይ ሥራ የታወቀ የጣልያን ሥራ ተቋራጭ ነው። ከጊቤ እስከ ዓባይ በኢትዮጵያ የተሠሩት ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች አብዛኞቹ የእርሱ እጅ አለባቸው።

ኩባንያው ፒዬትሮ ሳሊኒ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ያቋቋሙት የቤተሰብ ድርጅት ነበር። በኋላ አመራሩን የያዙት የልጅ ልጃቸውም በአያታቸው ስም ይጠራሉ። ኩባንያው ኢትዮጵያ የገባው በንጉሡ ዘመን ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ የዚያ ዘመን ሥራው ነው። በደርግ ጊዜም አልወጣም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በጣልያን መንግሥት ዕርዳታ ለሠፋሪዎች የተወጠነውን የጣና በለስ ፕሮጀክት ይዞ መተከል ላይ ካምፑን ተከለ፤ ሥራው ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ ተቋረጠ።

ድርጅቱን ያገዘፈው ኃይል ማመንጫ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀጥሎ የመጣው ጊቤ ሁለት አዲስ ግድብ አልነበረውም፤ ከጊቤ አንድ የሚወጣውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ ኦሞ ሸለቆ አውርዶ 420 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀደ ነው። በቁፋሮው መካከል ጭቃ ፈንድቶ የመቆፈሪያ ማሽኑን ወደኋላ ገፋው፤ ሥራውም ለረጅም ጊዜ ተጓተተ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ዋሻው በከፊል ተናደ፤ ጥገናው የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ወሰደ። ሥራው ጥናቱን፣ ዲዛይኑንና ግንባታውን ጠቅልሎ ያለ ጨረታ ለአንድ ድርጅት የተሰጠ ስለነበር የከርሰ ምድር ጥናቱ በቂ አይደለም የሚል ወቀሳ ተነሣ። ኩባንያው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የድንጋይ ጠባይ ነው ሲል መለሰ። ወቀሳው ግን መሠረት ነበረው፤ አጥኚውና ገንቢው አንድ ሲሆኑ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቆም በል የሚል አይኖርም።

ያም ሆኖ ሥራው አልቀነሰም። 1,870 ሜጋ ዋት የተተከለበት ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ግድብ በሮለር ከሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ከተሠሩት የዓለም ግድቦች ረጅሞቹ መካከል ነው። በዚሁ ዘዴ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ በተጣለው የሕዳሴ ግድብ ላይ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ፈሰሰ፤ ከጎኑም 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኮርቻ ግድብ ተሠራ። የሳሊኒ ድርሻ የሲቪል ሥራው እንጂ ተርባይኑ አልነበረም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

በአፍሪካ ያገኘው ሥራ ያጠነከረው ይህ የቤተሰብ ድርጅት አገር ቤት ውስጥ በስም የሚበልጠውን ኢምፕሬጂሎን ለመጠቅለል በቃ። ኢምፕሬጂሎ በፓናማ ቦይ ማስፋፊያ የተሳተፈ አንጋፋ ነበር። ሳሊኒ አክሲዮኑን ቀስ በቀስ ገዝቶ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ተፎካካሪውን የጋቪዮ ቡድንን ረትቶ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከእርሱ ጋር ተዋሐደ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውን ተቋራጭ ሌንን፣ በኋላም የጣልያኑን አስታልዲን ጨመረ። በፈረሰው የጄኖቫ ድልድይ ምትክ አዲሱን የሠራው ከመርከብ ሠሪው ፊንካንቲየሪ ጋር ሆኖ ነው።

በኢትዮጵያ በእጁ ያለው ትልቁ ሥራ ከጊቤ ሦስት በታች፣ ኦሞ ላይ የሚገነባው የኮይሻ ግድብ ሲሆን፣ ውሉ የተፈረመው በ2008 ዓ.ም. ነው።