መድኃኒቱ መሥራት ሲያቆም፦ በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ቀስ በቀስ የሚያድግ የደም ካንሰር ነው። የሚነሳው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶሞች ቁራጭ ተለዋውጠው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ዘረመል ሲፈጠር ነው። ኢማቲኒብ የዚህን ዘረመል ፕሮቲን ሥራ ያግዳል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በማክስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ለሕሙማን በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል።

ምርመራው መቼ ያስፈልጋል?

በፒሲአር ክትትል የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን በ6ኛው ወር ከ10 በመቶ፣ በ12ኛው ወር ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ወይም ወርዶ የነበረው እንደገና ከጨመረ ነው። ሐኪምዎ አስቀድሞ ኪኒኑ ተቋርጦ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። እውነቱን ይንገሩ፤ የተዘለለ ኪኒን በዘረመል ምርመራ አይታይም።

ዘዴዎቹ

• ሳንገር፦ የዘረመሉን ፊደላት በቅደም ተከተል ያነባል። ለውጡ የሚታየው ከቢሲአር-ኤቢኤል ቅጂዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ሲለወጡ ነው።
• ኤንጂኤስ፦ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ስለሚያነብ 3 በመቶ ገደማ የሆነ ለውጥንም ያገኛል።

ውጤቱ ምን ይወስናል?

ቲ315አይ የተባለው ለውጥ ከተገኘ ኢማቲኒብ፣ ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብ አይሠሩም፤ ፖናቲኒብ ወይም አስኪሚኒብ ይታሰባል። ኤፍ317ኤል ከተገኘ ዳሳቲኒብ፣ ዋይ253ኤች ከተገኘ ደግሞ ኒሎቲኒብ አይመረጥም።

ታማሚው በማረሚያ ቤት ከሆነ

እንደ ቃሊቲ ባለ ማረሚያ ቤት ላለ ታማሚ ትልቁ ሥጋት የመድኃኒት መቋረጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ታራሚዎች በቤተሰብና በሐኪም የመጎብኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ፦

• የምርመራ ውጤቱንና የመድኃኒት ማዘዣውን ቅጂ ለማረሚያ ቤቱ የጤና ባለሙያ ይስጡ።
• የሆስፒታል ቀጠሮውን አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።
• ኪኒኑ ከማለቁ በፊት ተተኪው እንዲደርስ ያድርጉ።
• ታማሚው የዘለላቸውን ቀናት እንዲመዘግብ ያሳስቡ።

የዘረመል ምርመራው ናሙና በተቻለ መጠን ታማሚው መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ ይወሰድ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሌሎቹ የካንሰር ሴሎች ስለሚበዙ፣ ለውጥ ያላቸው ሴሎች በመካከላቸው ተሸፍነው ላይታዩ ይችላሉ።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ትኩሳት፣ የማይቆም ደም መፍሰስ፣ ወይም በግራ የጎድን አጥንት ሥር ከባድ ሕመም ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ።