ከክንፍ አጥንት የሚሠራው የቱርኪ መጥሪያ

የክንፍ አጥንት መጥሪያ የሰሜን አሜሪካ አዳኞች የዱር ቱርኪን በድምፅ እያባበሉ ወደ አደፈጡበት ለማምጣት የሚጠቀሙበት፣ ከራሷ ከወፏ ክንፍ የሚሠራ ትንሽ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። ሁለት ወይም ሦስት አጥንቶች አንዱ በሌላው አፍ ገብተው ይገጣጠሙና ከአንድ በኩል ጠባብ፣ ከሌላው በኩል ሰፊ የሆነ ቱቦ ይሆናሉ። እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ በመንፋትም አይጮኽም። አዳኙ ጠባቡን ጫፍ በከንፈሩ ይዞ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከንፈሩ ይርገበገባል፤ በሰፊው ጫፍ የሴት ቱርኪ ድምፅ ይወጣል። ጥሩምባ የሚነፋ ሰውም ከንፈሩን ያርገበግባል፤ ልዩነቱ እዚህ አየሩ የሚጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑ ነው።

ቱርኪ ከዶሮ፣ ከቆቅና ከጅግራ ጋር የአንድ ወገን ወፍ ናት። ቀን መሬት እየጫረች ትለቅማለች፤ ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥታ ታድራለች። ዓይኗ እጅግ የሰላ ስለሆነ ተሳቦ ሊደርስባት የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ለአዳኝ የምትመቸው በማኅበርተኛነቷ ነው፤ መንጋው ሲበተን ወፎቹ እየተጠራሩ ይሰበሰባሉ። በጸደይ ደግሞ አውራው ገና ከማደሪያው ዛፍ ሳይወርድ ይጮኻል፤ በተፈጥሮ ሥርዓት ድምፁን ሰምታ የምትሄደው ሴቷ ናት። የሴቷን ድምፅ አስመስሎ አውራውን የሚጠራ አዳኝ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። አውራው ቆሞ መጠበቅ ልማዱ ስለሆነ ጥሪው ትንሽ ከተበላሸ ወይም ከበዛ ተጠራጥሮ ይሄዳል። ከአጥንት መጥሪያ ትክክለኛ ድምፅ ማውጣት ትልቅ ሙያ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የክንፍ አጥንት ለዚህ ሥራ የተመቸው በተፈጥሮው ነው። ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አጥንት ወፍራምና ውስጡ አየር የሚዘዋወርበት ነው። ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ አንዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ሌላው ወፈር ብሎ በመጠኑ የጎበጠ። በወፍራሙ ጀርባ ላይ ትልልቆቹ የክንፍ ላባዎች የሚተከሉባቸው ትናንሽ እብጠቶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ሠሪው ካልሞረዳቸው በተጠናቀቀው መጥሪያ ላይ በጣት ሲዳሰሱ ይታወቃሉ። ሦስቱ አጥንቶች እንደ ውፍረታቸው ሲቀጣጠሉ ቀጭኑ የከንፈር ጫፍ፣ ጎባጣው መካከለኛ ክፍል፣ የትከሻው ደግሞ ድምፅ የሚሰፋበት አፍ ይሆናል። ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ቱቦ ያለ ምንም ቅርጽ አውጪ ከአንድ ክንፍ ይገኛል ማለት ነው።

አጥንት ለወፍ ድምፅ ማስመሰያ መዋሉ በአሜሪካ አልተጀመረም። በሰሜን እስራኤል በሁላ ሸለቆ፣ ኤይናን ወይም አይን ማላሃ በሚባል ጥንታዊ መንደር ከተቆፈሩት የወፍ አጥንቶች መካከል ሰባት ሆን ተብለው የተበሱ ትናንሽ የትንፋሽ መሣሪያዎች ተለይተዋል፤ አንዱ ሳይሰበር ሙሉውን ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ዕድሜያቸውን 12,000 ዓመት ገደማ አድርጎታል። አጥንቶቹ በውሃ ዳር ከሚኖሩ ትናንሽ ወፎች ክንፍ የተወሰዱ ናቸው። ተመራማሪዎቹ በአምሳያቸው ሠርተው ሲነፏቸው የወጣው ድምፅ በዚያ አካባቢ ከነበሩ የጭልፊት ዓይነት አዳኝ ወፎች ጩኸት ጋር ተቀራረበ። ለአደን፣ ለሙዚቃ ወይም ከወፎቹ ጋር ለመነጋገር ይሆናል የሚሉ አማራጮች ቀርበዋል። እዚያ ድምፁ የሚወጣው በመንፋት ስለሆነ የአሜሪካው መጥሪያ የእነዚህ ዘር ነው ማለት አይቻልም። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ከአንድ ዓይነት ዕቃ የወፍ ድምፅ አወጡ ቢባል ግን ትክክል ነው።

በሰሜን አሜሪካ የመጥሪያው ሥር የሚፈለገው በምሥራቁ ደን በኖሩ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ነው። ቱርኪ ለእነሱ ከሥጋም በላይ ነበረች፤ ላባዋ ለልብስና ለቀስት፣ አጥንቷ ለመሣሪያ ይውል ነበር። በቴነሲ ግዛት ፈርንቬል በተባለ ቦታ ከመቃብር የወጡ የተሳሉ የቱርኪ እግር አጥንቶች ለንቅሳት ያገለገሉ መሆናቸው በቅርብ ዓመታት ተረጋግጧል፤ ዕድሜያቸውም ከ3,500 ዓመት ይበልጣል። የመጥሪያውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዝተው የሚጠቅሱት እዚያው ቴነሲ ውስጥ በቤንተን አውራጃ የሚገኘውን ኢቫ የተባለ ጥንታዊ ሰፈር ነው። ቦታው በግድብ ውሃ ከመዋጡ በፊት እ.ኤ.አ. በ1940 ተቆፍሮ ውጤቱ በ1961 በመጽሐፍ ወጣ፤ ከዚያ የተገኘ የቱርኪ ክንፍ አጥንትም በጥንታዊ መጥሪያነት ይጠቀሳል። ይሁንና ሁለት ጫፉ የተቆረጠ ባዶ አጥንት የአንገት ጌጥም፣ መጠጫም፣ የመድኃኒት አዋቂዎች መሳቢያም ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሬት የወጣን ቱቦ ሁሉ መጥሪያ ብሎ መሰየም ጥንቃቄ የጎደለው ነው።

በጽሑፍ ከቆዩት ማስረጃዎች ጠንካራው የጆን ጄምስ ኦዱቦን ነው። በወፍ ሥዕሎቹ የታወቀው ኦዱቦን የታላቁን የሥዕል ሥራውን የመጀመሪያ ገጽ የሰጠው ለዱር ቱርኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው የወፎች ታሪክ መጽሐፉ አዳኞች በጸደይ ወቅት ከቱርኪ ክንፍ በተወሰደ አንድ አጥንት አየር በመሳብ የሴቷን ድምፅ እንደሚያወጡ፣ አውራውም ድምፁን ሰምቶ ሲመጣ በጥይት እንደሚመታ ገልጿል። ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል። በዚያ ዘመን ዘዴው በደን ዳር ሰፋሪዎች መካከል የተለመደ ነበር፤ መሣሪያውም ገና አንድ አጥንት ብቻ ነበር። ተጨማሪ አጥንቶችን መቀጠል ድምፁን ለማጉላትና ለማለስለስ የመጣ ማሻሻያ ይመስላል።

አሠራሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ብዙም አልተለወጠም። ወፏ ከተበላች በኋላ ክንፎቿ ይቆረጣሉ። ብዙ ሠሪዎች የሴቷን አጥንት ይመርጣሉ፤ ቀጭንና ስስ ስለሆነ ጠራ ያለ ከፍተኛ ድምፅ ይሰጣል፤ የአውራው ወፈር ያለ ድምፅ ያወጣል። ሥጋው በቢላ ይፋቃል፤ ከዚያ አጥንቱ በለዘብተኛ እሳት ይቀቀላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው ሥራውን ያበላሻል፤ በኃይለኛ እሳት ብዙ የፈላ አጥንት ይሰነጠቃል፤ ስቡ በሚገባ ያልወጣለት ደግሞ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፣ ይሸታል። ዛሬ ስቡን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያወጡና አጥንቱን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያነጡታል። በረኪና ግን አጥንቱን ራሱን ስለሚበላው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አይጠቀሙበትም።

ከዚህ በኋላ የአጥንቶቹ ሁለት ጫፍ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ ይቆረጣል። ውስጡ ያለው ቅልጥም በሽቦ ተገፍቶ ይወጣል፤ በትከሻው አጥንት ጫፍ ውስጥ የሚገኙት ቀጫጭን የአጥንት ድሮችም ተፍቀው ይጸዳሉ፤ ከቀሩ ድምፁን ያፍኑታል። የከንፈሩ ጫፍ ከንፈር እንዳይጎዳ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀጭኑ አጥንት በጎባጣው አፍ፣ ጎባጣው በትከሻው አጥንት አፍ እየገባ ይሞከራል፤ ክፍተቱ በክር ወይም በጥጥ ተሞልቶ በማጣበቂያ ይታሸጋል። ቀድሞ ለዚህ ሰም፣ የዛፍ ሙጫና ጅማት ነበር የሚያገለግለው። በየመጋጠሚያው ትንሽ እንኳ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ከቀረ መጥሪያው ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ የሙያው ልክ የሚታየው በማሸጉ ነው። በመጨረሻ መጋጠሚያው በክር ይጠመጠማል፣ ማንጠልጠያ ገመድ ይታሰርለታል።

ድምፁን የሚሠራው ግን ከንፈር ነው። አዳኙ ሕፃን እንደሚስም ሰው ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ በአጭር በአጭሩ ይስባል። የሴቷ ጥሪ ከፍ ብሎ ጀምሮ ወዲያው ወደ ወፍራም ድምፅ የሚሰበር ስለሆነ፣ በአንድ ሳብታ ውስጥ ሁለቱን ማውጣት ያስፈልጋል። በሰፊው አፍ ላይ የተጨበጡት ሁለት መዳፎች ሲከፈቱና ሲዘጉ ድምፁ ቅርብ ወይም ሩቅ መስሎ ይሰማል።

የመጥሪያው ስም ከአንድ ሰው ጋር ተያይዞ ከተነሣ ያ ሰው ቻርልስ ጆርዳን ነው። ዕድሜውን በደቡብ ግዛቶች ደኖች ቱርኪን በማደን፣ በመከታተልና ስለ እሷ በመጻፍ ያሳለፈ ሰው ነበር። የቱርኪ አጥንት ለከንፈር፣ ሸምበቆ ለቀሪው ቱቦ ያደረገበት መጥሪያ በአዳኞች ዘንድ በስሙ ይጠራል፤ ሸምበቆው መጥሪያውን አርዝሞ ድምፁን አጎላው። ጆርዳን በሉዊዚያና፣ በሃመንድ አቅራቢያ የሚገኝ ሰፊ የአደን ጥብቅ ቦታ ኃላፊ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1909 በሕገ ወጥ አዳኝ ተተኩሶበት ሞተ። ማስታወሻዎቹንና ፎቶግራፎቹን የገዛው ኤድዋርድ ማኪልሄኒ ነበር፤ የታባስኮ ሚጥሚጣ መረቅ አምራች ቤተሰብ ልጅ፣ በርስቱ ላይ ለነጫጭ ሳቢሳዎች መጠለያ ያቋቋመ የወፍ ወዳጅ። ከጆርዳን ጽሑፍ የተነሣው የማኪልሄኒ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1914 ታተመ፤ ስለ ዱር ቱርኪና አደኗ ከሚነበቡ ሥራዎች መካከል ዛሬም ቀዳሚ ቦታ አለው። መጽሐፉ ባይኖር የጆርዳን ዕውቀት ከእሱ ጋር ይቀበር ነበር።

በዚያው ዘመን ተፎካካሪዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1897 ሄንሪ ጊብሰን የተባለ የአርካንሳስ ሰው ክዳኑ በጎኑ ላይ ሲፋተግ ድምፅ ለሚያወጣ የእንጨት ሣጥን የፈጠራ መብት አገኘ። ሣጥኑን ጀማሪም በአንድ ቀን ስለሚለምደው በፍጥነት ተስፋፋ። አጥንቱን የወደዱት ደግሞ ጠራቢዎች በእንጨትና በቀንድ እያስመሰሉ ጥሩምባ መሰል መጥሪያዎችን ሠሩላቸው፤ የሜምፊሱ ቶም ተርፒን በዚህ ታውቋል። የደቡብ ካሮላይናው ሄንሪ ዴቪስም እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ስለ መጥሪያዎች በዝርዝር ጽፏል። ሣጥኑ በቅለቱ አሸነፈ፤ የአጥንቱ መጥሪያ በትዕግሥተኞች እጅ ቀረ።

ትልቁ አደጋ ግን የወፏ ራሷ መጥፋት ነበር። ደኑ ለእርሻ ተመነጠረ፤ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ያለ ገደብ ገደሉ። ማሳቹሴትስ ውስጥ የመጨረሻዋ የዱር ቱርኪ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በ1920 ወፏ ቀድሞ ከነበረችባቸው 39 ግዛቶች ከ18ቱ ጠፍታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕግ ከአደን መሣሪያ ሽያጭ የሚሰበሰበውን ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መደበ። መጀመሪያ በእርባታ ያደጉ ቱርኪዎች ወደ ደን ተለቀቁ፤ የዱር ጠባይ ስላልነበራቸው አልቆዩም። መፍትሔው የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ በመድፍ መሰል መሣሪያ የሚወረወር መረብ እውነተኞቹን የዱር ወፎች በመንጋ ይዞ ወደ ባዶ ደኖች ለማዛወር አስቻለ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቁጥራቸው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ወፏ ስትመለስ አደኗም፣ አጥንቷን ቆርጦ መጥሪያ የመሥራት ልማድም አብረው ተመለሱ። ብዙ አዳኞች የመጀመሪያ ወፋቸውን ክንፍ ጠብቀው ለልጃቸው ወይም ለራሳቸው መጥሪያ ያደርጉታል፤ ያማሩትን ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። ልማዱ ግን የሕግ ድንበር አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ጭልፊትን፣ ጉጉትንና አብዛኞቹን የአገሩን የዱር ወፎች ስለሚጠብቅ፣ ሞተው የተገኙ ቢሆኑ እንኳ አጥንታቸውን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያስቀጣል። ቱርኪ ስደተኛ ወፍ ስላልሆነች በዚያ ሕግ አትሸፈንም፤ አደኗ በየግዛቱ ደንብ ይመራል፤ በፈቃድና በወቅቱ ከታደነች ወፍ አጥንት መጥሪያ መሥራትም የተለመደ ሥራ ነው።