የቁጥር አካፋዮች፦ ከውርስ ድርሻ እስከ አል-ፋሪሲ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው የተወሰደ)

 

በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ቁጥር ዓለም እንገባለን። «ሒሳብና ዲን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር፣ መልሱን ሩቅ ሳንሄድ ከውርስ ጉዳይ እናገኘዋለን።

አንድ ሰው ሞቶ ሚስቱን፣ እናቱንና አንድ ወንድ ልጁን ተወ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ፣ በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው መሠረት ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ ይደርሳል፤ የቀረው የልጁ ነው። ታዲያ ንብረቱ ስንት ቦታ ቢከፈል ነው ስምንተኛውም ስድስተኛውም ሳይሸራረፍ የሚወጣው? 24 ቦታ ነው። ሚስት 3፣ እናት 4፣ ልጅ 17 እጅ ይወስዳሉ።

የፈራኢድ ዑለማዎች ለማካፈል መነሻ የሚያደርጓቸው ቁጥሮች ሰባት ናቸው፦ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24። ልብ ብለን ብናይ ሰባቱም 24ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉ ናቸው። 1ን ስንጨምር የ24 አካፋዮች ስምንት ይሆናሉ፤ ሌላ የለም። ይሁንና «ሌላ የለም» ለማለት ማረጋገጫችን ምንድን ነው? የአንድን ቁጥር አካፋዮች ብዛት አንድ በአንድ ሳይሞክሩ ማወቅ ይቻላልን? ታሪካችን ይህንን ጥያቄ ይከተላል።

በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) በባግዳድ የኖሩት አል-ኸዋሪዝሚ፣ ስለ አልጀብራ በጻፉት ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ክፍል ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት ሰጥተዋል። የሒሳብ ዕውቀት ሰው መብቱን እንዲያገኝ የሚያገለግል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከእርሳቸው በኋላ ሳቢት ኢብኑ ቁራ መጡ። እኚህ ሰው በዛሬዋ ቱርክ ከምትገኘው ሐራን የተነሡ፣ በባግዳድ የሠሩና እ.ኤ.አ. በ901 የሞቱ ሊቅ ናቸው። ሳቢእ እንጂ ሙስሊም አልነበሩም። የሙስሊሞች ከተማ ግን በሯን ከፍታላቸው፣ የግሪኮችን መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ መለሱ፤ የራሳቸውንም ጨመሩ። ግሪኮች 220 እና 284 «ተዋዳጅ» መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ይኸውም የ220 አካፋዮች፣ ራሱን ሳይጨምር፣ ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 10፣ 11፣ 20፣ 22፣ 44፣ 55 እና 110 ሲደመሩ 284 ይሆናሉ። የ284ም አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 71 እና 142 ሲደመሩ መልሰው 220ን ይሰጣሉ። ሳቢት እንዲህ ዓይነት ጥንዶች የሚገኙበትን ሕግ አውጥተው በማስረጃ አጸኑት።

አራት መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ በፋርስ ምድር ከማሉዲን አል-ፋሪሲ ተነሡ። የቁጥብ አዲን አሽ-ሺራዚ ተማሪ ሲሆኑ፣ ውሃ በተሞላ የመስታወት ሉል ሙከራ አድርገው የቀስተ ደመናን ምሥጢር ያብራሩ ናቸው። ስለ ተዋዳጅ ቁጥሮች በጻፉት መጽሐፍ የሳቢትን ሕግ በአዲስ መንገድ አረጋገጡ። ለዚህም መጀመሪያ አንድም አካፋይ ሳይዘለል የሚታወቅበትን መንገድ መጥረግ ነበረባቸው። መንገዱ ቁጥሩን ወደ ሥሩ፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በስተቀር አካፋይ ወደሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ አካፋዮቹ በሙሉ ከእነዚህ ሥሮች ቅንብር ይወጣሉ።

24ን እንውሰድ። 2×2×2×3 ነው። አካፋዩን ስንሠራ ከሦስቱ 2ዎች ምንም አለመውሰድ፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መውሰድ እንችላለን፤ አራት ምርጫ ነው። 3ን ደግሞ እንወስዳለን ወይም እንተዋለን፤ ሁለት ምርጫ ነው። 4×2 = 8። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቁጠር፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጨምር፤ ያገኘኸውን እርስ በርስ አባዛ። አንዱ የሚጨመረው አለመውሰድም ምርጫ ስለሆነ ነው።

አል-ፋሪሲ 17296 እና 18416 ተዋዳጅ መሆናቸውን አሳይተዋል። 17296 አራት 2ዎች፣ አንድ 23 እና አንድ 47 ሲባዙ የሚገኝ ነው፤ አካፋዮቹ 5×2×2 = 20 ናቸው። በአውሮፓ ይህንን ጥንድ ፈረንሳዊው ፌርማ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1636 ነበር።

አሁን ወደ ውርሱ እንመለስ። ሟቹ የተወው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ቢሆንስ? ለልጆቹ የቀረው 17 እጅ ለአምስት ሊከፈል ነው፤ አይካፈልም። ዑለማዎቹ 24ን በ5 አባዝተው 120 ያደርጉታል። ሚስት 15፣ እናት 20፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ 34፣ ሴት ልጅ 17 ይወስዳሉ። ሲደመር 120 ነው። «ትንሽ ናት፣ ለወንድሞቿ ትተውላቸው» ተብሎ የሚሸረፍ ነገር የለም። ስሌቱን የሚያውቅ በሌለበት ቤት የሴት ልጅ ሐቅ ሊጠፋ ይችላል።

ውድ ወገኖቻችን፣ ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ እነዚህን ቁጥሮች ለፍቅር ብለው በክታብ የሚይዙ እንደነበሩ ኢብኑ ኸልዱን ጠቅሰዋል። ቁጥር አይጠቅምም አይጎዳም፤ ጥቅምና ጉዳት ከአላህ ነው። የቁጥር ክብሩ እውነትን መግለጡ ነው። ሁለተኛ፣ በቀደምቶቻችን መኩራት ብቻውን ወራሽ አያደርገንም። እነርሱ ከግሪክም ከሳቢእም ሳያፍሩ ተምረው ጨመሩበት። እኛም ልጆቻችን ከመድረሳ ሲመለሱ የሒሳብ ደብተራቸውን «የዱንያ ነው» ብለን አናቃልልባቸው። ወንዱንም ሴቷንም አስቀምጠን የ120ን አካፋዮች እናስቆጥራቸው፤ 16 ማግኘት አለባቸው። ዛሬ ይህንን ያወቀ ልጅ፣ ነገ የእናቱንና የእህቱን ድርሻ አስተካክሎ ያወጣል፣ ኢንሻአላህ።

ወሏሁ አዕለም።